ጳጉሜን 6 ሳይደርስ ቀናችንን ወደ ስክሪኑ እናውጣ

የደብረ ታቦር፣ የፋርጣ፣ የጋይንት፣ የእስቴ፣ የስማዳ፣ የእብናት፣ የሊቦና የፎገራ ልጆች፣ በቅርብም በሩቅም ያላችሁ!

ስልካችሁን አውጡና ቀኑን ተመልከቱ። ቋንቋውን ወደ አማርኛ ለውጣችሁት እንኳ ቢሆን የምታነቡት «ሴፕቴምበር»፣ «ዲሴምበር»፣ «ፌብሩወሪ» ነው። ፊደሉ የኛ፣ ወሩ የሌላ። ጥቅምት የለም፣ ሰኔ የለም፣ ጳጉሜንማ ጭራሽ አልተፈጠረችም። በዚህ ደጋ ግን በፌብሩወሪ የሚወጣ የማኅበር ጽዋ፣ በጁላይ የሚጠየቅ ግብር፣ በኦክቶበር የሚቀጥር ዳኛ የለም። ትምህርት ቤቱ በመስከረም ይከፈታል፤ የመንግሥት በጀት ሐምሌ 1 ተጀምሮ ሰኔ 30 ይዘጋል፤ ቡሄ ነሐሴ 13 ይጨፈራል። ሕዝቡ በአንድ ቀን ይኖራል፣ ማሽኑ በሌላ ቀን ያናግረዋል።

ጥሪዬ አጭር ነው። በዞናችን ሰው በሚገለገልበት ስክሪን ሁሉ ላይ የኢትዮጵያ ቀን በቀዳሚነት፣ ጎርጎርዮሳዊው ከሥሩ ይታይ። በመሥሪያ ቤት ኮምፒውተር፣ በጤና ጣቢያ ታብሌት፣ በዩኒቨርሲቲ መመዝገቢያ ገጽ፣ በሱቅ የሽያጭ ማሽን፣ በባንክ መልእክት ይታይ። ቀነ ገደባችን ጳጉሜን 6 ቀን 2019 ዓ.ም. ይሁን። ያን ቀን ለምን እንደመረጥኩት ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ።

ጉዳቱ የት ላይ ነው?

ከወረዳ ጽሕፈት ቤት እንጀምር። አንዲት ጸሐፊ የማመልከቻ መዝገብ በኤክሴል ትይዛለች እንበል። ጥቅምት 30 የገባውን ማመልከቻ «30/2/2018» ብላ ትመዘግባለች። ኤክሴል ሁለተኛውን ወር የሚያውቀው ፌብሩወሪ ብሎ ነው፤ ፌብሩወሪ ደግሞ 30 ቀን ኖሮት አያውቅም። ስለዚህ የጻፈችውን ከቀን አይቆጥረውም፣ እንደ ተራ ጽሑፍ ያስቀምጠዋል። መዝገቡን በቀን ቅደም ተከተል ስትደረድር ያ መስመር ከቦታው ይጠፋል።

ይህ ቀላሉ ነው፤ ቢያንስ ጉድለቱ ይታያል። የካቲት 5ን «5/6/2018» ብላ ስትጽፍ ግን፣ ወርን በሚያስቀድመው በአሜሪካ አጻጻፍ የተዘጋጀ ኮምፒውተር ሜይ 6 አድርጎ ይቀበላታል። ጳጉሜን 3ን ወር አስቀድማ ብትጽፍ ደግሞ «13/3/2018» ይሆናል፤ 13ኛ ወር ስለማያውቅ ይጥለዋል። ቀን አስቀድማ «3/13/2018» ካለችው ማርች 13 ያደርገዋል። ማሽኑ አይጮኽም፣ ቀይ መስመር አያሰምርም። ከዚህ እስከዚያ ስንት ቀን አለፈ ብላ ብትጠይቀው ሳያንገራግር የተሳሳተ ቁጥር ይሰጣታል። በዚያ ቁጥር ላይ ወለድ ይሰላል፣ የአገልግሎት ዘመን ይቆጠራል፣ የይግባኝ ጊዜ ያልፋል። ባለጉዳዩ ከጋይንት በእግሩ መጥቶ «ጊዜው አልፎብሃል» ሲባል ጥፋቱ የማን እንደሆነ ማን ይነግረዋል?

ወደ መድኃኒት እንሂድ። በጥር 2018 ዓ.ም. አንድ ገበሬ ለከብቱ ወይም ለልጁ መድኃኒት ገዛ እንበል። ማሸጊያው ላይ የመጠቀሚያው ማብቂያ 2025 ይላል። እሱ በሚኖርበት አቆጣጠር 2025 ለመድረስ ሰባት ዓመት ይቀራል፤ መድኃኒቱ ግን ጊዜው አልፎበታል። ፋብሪካው ማሸጊያውን ለኛ ብሎ አይለውጥም። የመድኃኒት ቤቱ የሽያጭ ሶፍትዌር ግን ደረሰኝ ሲያትም ቀኑን ቀይሮ «እስከ ታኅሣሥ 2018 ብቻ» ብሎ ማውጣት ይችላል። ይህን ያህል ቀላል ሥራ ሳይሠራ የቀረው ማንም ስላልጠየቀ ነው።

ከጤና ኬላ ደግሞ ጥሩ ነገር አለ። የሕፃን የፔንታ ክትባት የሚጀመረው በ6 ሳምንት፣ ማለትም በ42 ቀን ነው። በኛ አቆጣጠር ከጳጉሜን በቀር ወር ሁሉ 30 ቀን ስለሆነ፣ ጥር 10 የተወለደ ሕፃን የካቲት 22 እንደሚከተብ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በጣቷ ሳትቆጥር ትናገራለች። አንድ ወር ከ12 ቀን፣ አለቀ። በጎርጎርዮሳዊው ይኸኛው ወር 31 ነው ወይስ 28 እያለች ማሰብ አለባት። ለስሌት የቀለለውን አቆጣጠር ይዘን የከበደውን በስክሪኑ ላይ ተሸክመናል።

ማሽኑ ቀናችንን ያውቃል

«ኮምፒውተር የተሠራው በፈረንጅ ቀን ነው፣ ምን ይደረጋል» የሚል ሰው ብዙ ነው። አይደለም። ኮምፒውተር ከውስጡ ሴፕቴምበርም መስከረምም የለውም። አብዛኛው ስልክና ሰርቨር ጊዜን የሚይዘው ከአንድ መነሻ ጀምሮ ያለፉትን ሴኮንዶች በመቁጠር ነው። መነሻው በኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም.፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። ከዚያ ወዲህ አንድ ረጅም ቁጥር አለ፤ ሌላ ነገር የለም። ጎርጎርዮሳዊ ቀን የምንለው ያን ቁጥር ለሰው ዓይን የሚያቀርብ ገጽታ ነው፤ የኢትዮጵያ ቀንም እንዲሁ። ገጽታውን ስንለውጥ ቁጥሩ አይነካም፣ መረጃ አይጠፋም፣ ከአዲስ አበባም ከጄኔቫም ጋር ያለን ግንኙነት አይቋረጥም።

ገጽታውስ አልተሠራም? ተሠርቷል። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ገባ። ዩኒኮድ ሲ.ኤል.ዲ.አር. በሚባለው የቋንቋና የባህል መረጃ መዝገቡ ከመስከረም እስከ ጳጉሜን 13ቱንም ወር በአማርኛ አስፍሯል። ያን መረጃ የሚጠቀመው አይ.ሲ.ዩ. የተባለ የፕሮግራም ቤተ መጻሕፍት የኢትዮጵያን አቆጣጠር በዓመተ ምሕረትም በዓመተ ዓለምም ያሰላል። በክሮም፣ በፋየርፎክስና በሳፋሪ ውስጥ ያለው ጃቫስክሪፕት አንድ ቅንብር ሲነገረው ማንኛውንም ቀን በኢትዮጵያ ያወጣል። ለጃቫ ጆዳ ታይም አለ። ብርሃኑ በየነና ማንፍሬድ ኩድሌክ ያዘጋጁት የመለወጫ ስሌትም ለማንም ፕሮግራም አዋቂ የተከፈተ ነው። ሥራው መደመርና ማካፈል ብቻ ስለሆነ ኢንተርኔት አይፈልግም፤ መስመር በሚቆራረጥበት ቀበሌም ይሠራል።

ተግባር ላይ የዋለም አለ። የጤና ሚኒስቴር የሚጠቀምበት ዲ.ኤች.አይ.ኤስ. 2 የኢትዮጵያን አቆጣጠር ከቅንብሩ መምረጥ ያስችላል። ተመራማሪዎች ቤት ለቤት መረጃ የሚሰበስቡበት ኦ.ዲ.ኬ. ኮሌክት፣ ቅጹን የሚያዘጋጀው ሰው አንድ ቃል ከጨመረበት፣ ቀኑን በኢትዮጵያ ወራት ያስመርጣል፤ ጎርጎርዮሳዊውንም አብሮ ያሳያል። የፋይዳ መታወቂያ የትውልድ ቀንን በሁለቱም አቆጣጠር አትሞ ይሰጣል። ሁለቱን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ይቻላል ወይ የሚለው ጥያቄ ተመልሷል ማለት ነው።

ጉድለቱም በግልጽ ይነገር። የአንድሮይድ መደበኛ የቀን መምረጫ የሚያሳየው 12 ወር ነው፤ ጳጉሜን 2 የተወለደ ሰው የሚጫነው ቦታ የለውም። የማይክሮሶፍት ዶትኔት የዕብራውያንን፣ የፋርስን፣ የሂጅራን፣ የጃፓንንና የታይን አቆጣጠር ሲይዝ የኛን አልያዘም። በሲ.ኤል.ዲ.አር. መዝገብ ታይላንድ የቡድሃን ዘመን፣ ኢራን የራሷን የፀሐይ ዘመን በቀዳሚነት አስመዝግበዋል፤ ለኢትዮጵያ የተጻፈው ቅደም ተከተል ግን ጎርጎርዮሳዊውን አስቀድሞ የኢትዮጵያን ያስከትላል። ይህ መዝገብ ሰማይ ላይ የተጻፈ ሕግ አይደለም። ሰዎች ማስረጃ አቅርበው፣ ጥያቄ አስገብተው፣ ተከራክረው የሚያርሙት ሰነድ ነው። ጠያቂ ያጣ መስመር ባለበት ይቆያል።

ጋፋት ያስተማረን

ከከተማችን አጠገብ ጋፋት አለ። ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን ያስቀለጡት እዚያ ነው። መድፉ ቀልጦ ሲያልቅ ግን ሥራው አላለቀም ነበር። ወደ ሰባት ቶን የሚመዝነውን ብረት በ1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ለማድረስ በጋይንት በኩል መንገድ መቁረጥ፣ የገደል አፋፍ መጠረብ፣ የጅጣንና የበሽሎን ሸለቆ መሻገር ግድ ሆነ። ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ እያነሡ ከሠራዊታቸው ጋር መንገድ ጠረጉ።

የቀን ነገራችንም እንዲሁ ነው። ብረቱ ቀልጦ አልቋል፤ ስሌቱ አለ፣ የወራቱ ስም አለ፣ ፕሮግራሙ አለ። የጎደለው ከፋብሪካው እስከ ቀበሌው መስኮት ያለው መንገድ ነው። ያን መንገድ ደግሞ አንድ ሰው ብቻውን አይጠርገውም።

ድርሻችን

በደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲና በየኮሌጁ ያላችሁ የኮምፒውተር ተማሪዎችና መምህራን! የመመረቂያ ሥራ ፍለጋ ሩቅ አትሂዱ። ጳጉሜንን የሚያውቅ የቀን መምረጫ ሠርታችሁ ለማንም በነፃ ክፈቱት። ለኤክሴል «30/2/2018»ን ጥቅምት 30 ብሎ የሚያነብ ተጨማሪ መሣሪያ ሥሩ። ለሲ.ኤል.ዲ.አር. ጥያቄ አስገቡ፤ ጥያቄውን በፍርድ ቤት ቀጠሮ፣ በበጀት ዓመትና በትምህርት ካላንደር ማስረጃ አስደግፉት። ፕሮግራም ስትጽፉም ይህን ሕግ አድርጉ፤ ቀኑን ከውስጥ በአንድ ቁጥር ያዙ፣ ከውጭ በሁለት አቆጣጠር አሳዩ፣ ወሩን በስሙ ጻፉ፣ ከአንዱ ጎን «ዓ.ም.» ከሌላው ጎን «እ.ኤ.አ.» ሳትሉ አትለፉ።

የኔታዎችና የባሕረ ሐሳብ መምህራን! ይህ አገር የድጓ ማስመስከሪያ የሆነችው የቤተልሔም አገር ነው፤ በየጉባኤ ቤቱ ዛሬም ዓመት የሚቆጥር አለ። ፕሮግራም አዋቂዎቹ የሚሠሩትን ስሌት እናንተ በቃላችሁ ይዛችሁታል። 2018ን እንያዝ። 5500 ሲጨመርበት ዓመተ ዓለሙ 7518 ይሆናል፤ በንዑስ ቀመር በ19 ሲካፈል ትራፊው 13 ነው፤ አንድ ለዘመኑ ሲተው ወንበሩ 12። ወንበሩ በ11 ተባዝቶ በ30 ሲካፈል የሚተርፈው አበቅቴ 12፣ በ19 ተባዝቶ በ30 ሲካፈል የሚተርፈው መጥቅዕ 18። ሁለቱ ሲደመሩ 30 ይሞላሉ፤ ስሌቱ ራሱን በራሱ ያረጋግጣል። ከዚያ መባጃ ሐመሩ 25፣ ፋሲካው ሚያዝያ 4። ወጣቶቹ ይህን በኮምፒውተር ሲጽፉ ተሳስተው እንደሆነ ከናንተ የተሻለ አራሚ አያገኙም። በራችሁን ክፈቱላቸው፤ እናንተም ልጆች፣ ደብተር ይዛችሁ ከእግራቸው ሥር ተቀመጡ።

የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎች! ሶፍትዌር ስትገዙ ወይም ስታሠሩ በጨረታ ሰነዱ ላይ አንድ አንቀጽ ጨምሩ፤ «ሥርዓቱ 13 ወር ያለውን የኢትዮጵያ አቆጣጠር በቀዳሚነት ያሳያል፣ ይቀበላል፣ ያትማል።» ይህን የማያሟላ ዕቃ አትረከቡ። አቅራቢ ከልመና ይልቅ ውልን ይሰማል።

የጤና ባለሙያዎችና መረጃ ሰብሳቢዎች! በእጃችሁ ያለው መሣሪያ የኢትዮጵያን ቀን የሚያሳይበት ቅንብር እንዳለው ጠይቁ፣ ካለው አብሩት። ለእናቶች የምትሰጡት ቀጠሮ ላይ ሰዓቱን «ከጠዋቱ 2 ሰዓት» ብላችሁ ጻፉ። ማሽኑ 8፡00 ሲል እናትየዋ ከቀትር በኋላ እንዳትመጣ።

ነጋዴዎችና የባንክ ደንበኞች! ደረሰኙ ወይም የስልክ መልእክቱ በኛ ቀን እንዲመጣ በጽሑፍ ጠይቁ። አንድ ሰው ሲጠይቅ ቅሬታ ይባላል፤ የወረታ፣ የአዲስ ዘመን፣ የነፋስ መውጫና የመካነ ኢየሱስ ገበያተኛ በአንድ ሳምንት ሲጠይቅ የሥራ ዕቅድ ይሆናል።

በአዲስ አበባና በውጭ አገር ያላችሁ! ከመካከላችሁ በትልልቅ የሶፍትዌር ድርጅት ውስጥ የምትሠሩ አላችሁ። ከዚህ የምንልከው ጥያቄ የሚያርፈው እናንተ ባላችሁበት ሕንፃ ነው። ደብዳቤው ሲደርስ ጠረጴዛ ላይ አንሡት፣ አስረዱ፣ ተከታተሉ።

የሚነሡ ተቃውሞዎች

«ዓለም በጎርጎርዮሳዊ ይሠራል» ይባላል። ይሥራ፤ ከሥሩ አስቀምጠነዋል። የአውሮፕላን ትኬትና የውጭ ትምህርት ማመልከቻ የሚፈልገው ሰው እዚያው ያገኘዋል። እንዲያውም ዛሬ ሰው ሰባትና ስምንት እየቀነሰ በግምት ከሚለውጥ፣ ማሽኑ በትክክል ቢለውጥለት ከዓለም ጋር ይበልጥ ይግባባል። ልዩነቱ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 21 ወይም 22 ድረስ ሰባት፣ ከዚያ በኋላ ስምንት መሆኑን ስንቱ ልብ ይላል?

«የቤተ ክህነት ጉዳይ ነው» የሚልም አለ። ለጾምና ለበዓል ሂጅራን የሚቆጥሩ ሙስሊም ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ለፍርድ ቤት፣ ለገበያና ለትምህርት ቤት የሚቀጣጠሩት በመስከረምና በሰኔ ነው። ቀኑ የሁላችንም ነው።

ከሁሉ የከበደው ተቃውሞ ይህ ነው፤ «መንገድ በሚዘጋበት፣ ትምህርት በሚስተጓጎልበት በዚህ ዘመን የቀን አጻጻፍ ምን ያደርግልናል?» ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ሐዘኑም የሁላችን ነው። ግን ሰው ከቤቱ ሲፈናቀል፣ መዝገብ ሲበተን፣ ልጅ ያቋረጠውን ክፍል ሊቀጥል ሲመለስ በእጁ የሚቀረው አንድ ወረቀትና በላዩ ያለ ቀን ነው። ያ ቀን ተሳስቶ ከተገኘ ዕድሜው ይሳሳታል፣ መብቱ ይንገላታል። ደግሞም ይህ ሥራ በጀት እስኪለቀቅ፣ አስፋልት እስኪነጠፍ የሚጠበቅበት አይደለም። በእጃችን ባለው መሣሪያ፣ በእጃችን ባለው እውቀት የሚሠራ ነው።

ለምን ጳጉሜን 6?

ጳጉሜን ስድስት የምትሆነው በአራት ዓመት አንዴ፣ በዘመነ ሉቃስ ነው። ያለፈው 2015 ነበር፤ መጪው 2019 ነው። ጳጉሜን 6 ቀን 2019 ቅዳሜ ትውላለች፤ በማግሥቱ እሑድ መስከረም 1 ቀን 2020 ይብታል። ያ ዕለት በጎርጎርዮሳዊው እንደለመድነው ሴፕቴምበር 11 አይሆንም፣ 12 ይሆናል። ቀጥሎ ገና ታኅሣሥ 29 መሆኑ ቀርቶ ታኅሣሥ 28 ይከበራል፤ ጥምቀትም ጥር 11 ላይ እንዳለ በጎርጎርዮሳዊው ጃንዩወሪ 20 ይውላል። አዲስ ዓመትን ሁልጊዜ ሴፕቴምበር 11፣ ጥምቀትን ሁልጊዜ ጃንዩወሪ 19 አድርጎ የጻፈ ሶፍትዌር ሁሉ በዚያ ወቅት አንድ ቀን ይስታል።

እንግዲህ ፈተናው የተቆረጠ ቀን አለው፤ ማንም በወሬ አያልፈውም። በዚያች ቅዳሜ ጠዋት በደብረ ታቦር ያለው ኮምፒውተር «ጳጉሜን 6» ብሎ ካሳየ ሠርተናል፤ «መስከረም 1» ካለ ወይም ከነጭራሹ ባዶ ከተወው አልሠራንም።

ስለዚህ መንገዱን እንከፋፈል። በመጪው ቡሄ፣ የአገሩ ልጅ ከየአቅጣጫው ወደ ደብረ ታቦር በሚሰበሰብበት ነሐሴ 13፣ የዩኒቨርሲቲው ወጣቶች፣ የኔታዎችና የመሥሪያ ቤት ሰዎች አንድ ቦታ ይቀመጡ፤ የትኛው ሥርዓት ቀናችንን እንደሚያሳይ፣ የትኛው እንደማያሳይ ዝርዝር ያውጡ። ከዚያ በኋላ በእያንዳንዱ መስመር ትይዩ የሚከታተለው ሰው ይመደብ። የተስተካከለው በየሩብ ዓመቱ በአደባባይ ይነገር፤ ያልተስተካከለውም ይነገር።

እስከዚያ ግን ማንንም አትጠብቁ። ነገ የምትልኩት ደብዳቤ፣ የምታትሙት ደረሰኝ፣ የምትሞሉት ቅጽ ሁሉ ከላይ ዓመተ ምሕረቱን ከነወሩ ስም፣ ከሥር እ.ኤ.አ.ውን ይያዝ። ሶፍትዌሩ እምቢ ካላችሁ እምቢ ያለበትን ገጽ ፎቶ አንሥታችሁ ለሠራው ላኩ፤ መልስ ካልመጣ ድገሙት፤ ጎረቤታችሁም ይድገመው። የአንድ ዞን ሕዝብ በአንድ ድምፅ የጠየቀውን ነገር አይቶ እንዳላየ የሚያልፍ አቅራቢ የለም። ተነሡ፣ እንጠይቅ፣ እንሥራ!